በአባት ስም የሚጋልብ መኪና

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሐበሻ ቤቶች ደጃፍ ላይ አንድ ዓይነት መኪና እየተለመደ መጥቷል። ሁለት በር ያለው፣ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ማርሚታው ተቀይሮ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ። የሚነዳው የ21 ዓመት ልጅ ነው። የኢንሹራንስ ወረቀቱ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በወረቀቱ መሠረት ይህን መኪና የሚያሽከረክሩት የ58 ዓመቱ አባት ናቸው፤ ያውም ሥራ ደርሰው ለመመለስ ብቻ። ልጁ በወረቀቱ ላይ የለም። አንዳንዱ ጋ እንዲያውም እዚያ ቤት አይኖርም ተብሏል።

ስለ እነዚህ መኪናዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚኮነነው ፍጥነቱ ነው፣ ድምፁ ነው፣ "የልጅ ዕብደት" ነው። ይኮነን። ነገር ግን በመኪናው ላይ ከተደረገው ሞዲፋይ ሁሉ የከፋው የተሠራው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ የኢንሹራንሱ ቅጽ ሲሞላ ነው። የሠሩት ደግሞ አባት ናቸው።

መኪናው ራሱ ኃጢአት የለበትም። ማዝዳ ሚያታ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ቀላል ክብደት፣ ሁለት ወንበር፣ መጠነኛ ሞተር፣ ለሠራተኛ ሰው የማይርቅ ዋጋ። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተመረተ። ቶዮታና ሱባሩ በ2012 በጋራ ያወጧቸው 86 እና ቢአርዚም በዚያው መንገድ የሄዱ ናቸው፤ በ200 የፈረስ ጉልበት ጀምረው ከ2022 ሞዴል ወዲህ 228 ደርሰዋል። ባለጸጋ የሚነዳቸው ዓይነት አይደሉም። ሁለት ዓመት ሠርቶ ያጠራቀመ ወጣት ያገለገለውን ሊገዛ ይችላል፤ ቢገዛም የሚያሳፍር ነገር የለውም። በእጁ ካምቢዮ መቀየር የሚችል ወጣት በአሜሪካ ብርቅ በሆነበት ዘመን እንዲያውም የሚያስመሰግን ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ልጁ በራሱ ስም ዋጋ ሲጠይቅ ነው። የሚነገረው አረቦን አንዳንዴ ከመኪናው ወርሃዊ ክፍያ ይበልጣል። ምክንያቱም ምሥጢር የለውም። እዚያው አርሊንግተን ውስጥ ቢሮው ያለው፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ኢንስቲትዩት ከእህት ተቋሙ ጋር ሆኖ የየሞዴሉን የካሳ ወጪ ከአማካዩ ጋር እያነጻጸረ ያወጣል። ኩባንያውም ሲተምን መኪናውን ብቻ አያይም። ማን ይነዳዋል? ሌሊት የት ያድራል? በዓመት ስንት ማይል ይሄዳል? የ21 ዓመት ወንድና ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አንድ መስመር ላይ ሲጻፉ ዋጋው ይሰቀላል።

ያኔ ዘመድ ምክር ይዞ ይመጣል። "በአንተ ስም አታድርገው፣ በአባትህ አስገባው።" "የአጎትህን አድራሻ ስጥ፣ እዚያ ይረክሳል።" "ማርሚታው መቀየሩን ማን ይነግራቸዋል?" መካሪው አደጋው ቦታ ላይ አይገኝም፤ ፍርድ ቤትም አብሮ አይቆምም። አባት ስማቸውን ለልጃቸው መጠሪያ አድርገው ድሮ ሰጥተዋል፣ ወጉ ነው። አሁን ደግሞ ፊርማቸውን ይጨምሩለታል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። መኪናው በአባት ስም መመዝገቡ ጥፋት አይደለም። ባንክ ለልጁ አላበድርም ብሎ አባት ተበድረው፣ የመኪናው ባለቤትነት በእሳቸው ስም ወጥቶ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ግን ዋና አሽከርካሪ ተብሎ ልጁ ቢጻፍ ንጹሕ ሥራ ነው። ውሸቱ ያለው ቅጹ "በቤቱ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው አለ?" ሲል "የለም" በሚለው ሳጥን ውስጥ በተደረገችው ምልክት ነው።

ብዙዎች ይህችን ምልክት እንደ ውሸት የማያዩበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ላይ ኢንሹራንስ ማለት ለብዙ ሰው መስታወት ላይ የሚለጠፍ የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስላደረገው ይገዛል፣ ይለጠፋል፣ ትራፊክ ሲያስቆም ይታያል፣ ከዚያ ይረሳል። በዚያ ዓይን ለሚያይ ሰው የማን ስም ተጻፈ፣ የማን ቀረ ምን ለውጥ ያመጣል? ሰበቡ ግን አገር ቤትም አይሠራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ራሱ መድን የሚገባ ሰው እውነቱን ለኩባንያው የመንገር ግዴታ እንዳለበት፣ አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ደግሞ ውሉ እንደሚፈርስበት ይደነግጋል። "የፈረንጅ ተንኮል ነው" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል።

እንግዲህ አደጋው ይድረስ። ማታ ነው፣ ዘንቧል፣ ጎማው አልቋል። እነዚህ መኪናዎች በኋላ እግር የሚነዱ ናቸው፤ ኩርባ ላይ ነዳጅ የበዛበት መኪና ከኋላው ይዞራል፣ ከጎን የመጣውን ይመታል። ልጁ ደህና ነው። የተመታችው ሴት ትከሻዋ ተሰብሯል።

የኩባንያው ገማች ሲመጣ ስንቱ ነገር ሳይጠየቅ ይናገራል! የፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የነጂው ስምና አድራሻ አለ። ፎቶው ላይ ዝቅ የተደረገው ሞላና የተቀየረው ቸርኬ አለ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ልጁ "መኪናዬ" እያለ ሲለጥፋቸው የከረሙ ቪዲዮዎች አሉ። መኪናው ውስጥም ከግጭቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነቱ ስንት እንደነበር፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ የዚህ መረጃ ባለቤት የመኪናው ባለቤት ነው ይላል፤ በመርህ ደረጃ ያለ እሱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይወሰድም። ባለቤቱ ማን ናቸው? አባት። በልጃቸው ላይ የሚመሰክረውን መረጃ ስጡ ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የፈረሙት ውል ደግሞ በምርመራ ተባበሩ ይላቸዋል።

ኩባንያው ሁልጊዜ ውሉን ከሥሩ ይነቅላል ማለት አይደለም። አንዱ የጎደለውን አረቦን አስልቶ ክፈሉ ይላል። ሌላው የእናንተን መኪና ጉዳት አልሸፍንም ይላል። እስከ መጨረሻው የሚሄድም አለ፤ ውሉ በሐሰት የተገኘ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። እዚያ ከተደረሰ የሴትዮዋ ጠበቃ የሚጠራው ልጁን ብቻ አይሆንም። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን ሽፋን ለአንድ ሰው አካል ጉዳት 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር አድርጋለች። ለግዛቱ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚባለውም ነገር ከጁላይ 2024 ወዲህ ቀርቷል። የአሜሪካን ሆስፒታል ቢል ያየ ሰው 50 ሺህ ዶላር የት እንደሚደርስ ያውቃል። ውሉ ከተሰረዘ ደግሞ እሱም የለም። አባት ገና ዜግነት ያልወሰዱ፣ በግሪን ካርድ ያሉ ከሆኑ ሌላ ስጋት ይጨመራል፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ ማጭበርበር ያለበትን ወንጀል ከተራ የትራፊክ ቅጣት ጋር አንድ ላይ አይቆጥረውም።

ጥፋቱ የሌላው ሰው ቢሆንስ? ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እስካሁን ያልለቀቁት አሮጌ መርህ አለ፦ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው በጥቂቱም ቢሆን አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ያለቀ ጎማና ከልክ ያለፈ ፍጥነት ለተቃራኒው ጠበቃ ምን ዓይነት ስጦታ እንደሆነ መገመት አያቅትም። ፍጥነቱም በቨርጂኒያ ዋዛ አይደለም። ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ መብለጥ፣ የትም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ መንዳት እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቲኬት ከፍዬ እገላገላለሁ ያለ ልጅ ዳኛ ፊት ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው የአባቶቹ ዝምታ ነው። ብዙዎቹ መኪና የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞላ የሚሉትን ቃላት ጣሊያን ትቶት ከሄደው ጋራዥ የወረሱ፣ ኮፈን ሳይከፍቱ በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለዩ። ልጁ ኤግዞስትና ክላች ይላል፣ እሳቸው ማርሚታና ፍሪሲዮን ይላሉ፣ ዕቃው አንድ ነው። ታዲያ ልጁ ገንዘቡን ሁሉ ቸርኬ ላይ ጨርሶ የፍሬን ሸራው ብረት ለብረት ሲፋጭ እንዴት ዝም ይባላል? መኪናውን ዝቅ አድርጎ የጎማውን አቋም ያላስተካከለ ሰው ጎማውን ከውስጥ በኩል ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ገና አዲስ ይመስላል፤ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ግን ሽቦው ወጥቷል። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ጠዋት ደጃፍ ላይ ጎንበስ ማለት ነው። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ጎማን የሚጥለው ጥርሱ ከ2/32 ኢንች በታች ሲሆን ነው፤ ለዝናብ መንገድ ይህ በጣም የዘገየ ነው።

ካታላይዘሩን አስወልቆ ቀጥ ያለ ቱቦ ማስገጠም የፌዴራሉ የአየር ንጽሕና ሕግ የሚከለክለው ነገር ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ያለው የጭስ ምርመራም አለ። ዋስትናን በተመለከተ በ1975 የወጣው ሕግ ከውጭ የተገዛ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ አምራቹ ዋስትናውን እንዳይነጥቅ ይከላከላል፤ ጉዳቱን ያመጣው ዕቃው ከሆነ ግን አያድንም። የሞተሩን ኮምፒዩተር ያስቀየረ ልጅ ይህችን ልዩነት በራሱ ኪስ ይማራታል።

መደበቁ ደግሞ ትርፍ እንኳ የለውም። መደበኛ የኢንሹራንስ ውል በኋላ ለተጨመረ ዕቃ የሚሰጠው ሽፋን ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የለም። ለብቻው ሽፋን ይገዛለታል፤ ለዚያም ዕቃውን መናገርና ደረሰኝ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተናገረ ሰው ያን ውድ ቸርኬ ሌባ ቢፈታበት "ተሰረቅሁ" ብሎ የሚጠይቅበት አፍ የለውም።

"ኩባንያዎቹስ ሌቦች አይደሉም ወይ?" የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። ሰውን በብድር ታሪኩ ይተምናሉ። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ ይህን ለመኪና ኢንሹራንስ ከልክለዋል፤ በቨርጂኒያ ግን ይሠራበታል። ትናንት የመጣ ስደተኛ የብድር ታሪክ የለውም፤ አንድም ሰው ሳይገጭ ውድ ይከፍላል። በሚኖርበት ፖስታ ኮድም ይቀጣል። ይህ ሊጮኽበት የሚገባ ግፍ ነው። የሐበሻ ድምፅ በምርጫ ሰሞን በሚፈለግባቸው ወረዳዎች ተወካዮቹን በስማቸው ጠርቶ መጠየቅ ይቻላል። ቅጽ ላይ መዋሸት ግን ግፉን አንድ ሳንቲም አይቀንሰውም። የጎደለው አረቦን ከሌሎቹ ከፋዮች ይሰበሰባል፤ ከእነሱም አንዷ እዚያው ፖስታ ኮድ ውስጥ የምትኖር፣ ልጇን በትክክል ያስመዘገበች፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሆስፒታል የምትሠራ እናት ናት።

ልጁ መኪናውን ይተው የሚል የለም። ዋጋው ግን ተደምሮ ይታወቅ። ከመግዛት በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ፣ በራሱ ስምና በራሱ አድራሻ፣ ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። አሮጌ ሚያታ በጥሬ ገንዘብ የገዛ ልጅ የራሱን መኪና ሽፋን ትቶ ለሌላ ሰው ጉዳት ያለውን ከፍ ማድረግ ይችላል፤ በባንክ ብድር አዲስ የወሰደ ይህ ምርጫ የለውም፣ ባንኩ ሙሉ ሽፋን ይጠይቀዋል። መሮጥ ካማረውም ቶርንበርግ አጠገብ ዶሚኒየን ሬስዌይ አለ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት አለ። የመንገድ ኢንሹራንስ እዚያ ስለማይሠራ ለቀኑ የሚሆን ሽፋን የሚሸጡ አሉ። ለሌሊት 495 ቀለበት መንገድ የሚሸጥ የእሽቅድምድም ሽፋን ግን የትም የለም። አረቦኑ ካልተቻለ መኪናው አልተቻለም ማለት ነው። ኮሮላ አለ።

አባት በስልክ አፕ ታክሲ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከስፖርት መኪናው ያልፋል። የአፕ ኩባንያዎቹ የግል ኢንሹራንስ ማስረጃ ካላዩ አያሠሩም። ውሉ ሲሰረዝ ካምሪውም ይቆማል። የቤት ኪራዩ የሚከፈለው፣ ጎንደር ላሉት አያት የሚላከው ከካምሪው ነው። አብዛኛው ውል በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የእድሳቱ ፖስታ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ሳይከፈት ይጣላል። ውስጡ ግን የነጂዎች ዝርዝር የያዘ ገጽ አለ። እዚያ ላይ ስም ለማስጨመር አንድ ስልክ ይበቃል፤ የሚቆጠረው ግን ከአደጋው በፊት የተደወለው ነው።