አባዬ፣ ዛሬም?

ቅዳሜ ዕለት ከብራስልስ በባቡር ተነሥተን ከልጆቻችን ጋር ብሩዥ ዋልን። ጀልባችን በከተማዋ ቦዮች ላይ ስትጓዝ የመጋቢው ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ሁሉም የአገልግሎት ጉዳይ። ትንሿ ልጃችን «አባዬ፣ ዛሬም?» አለች።

ብሩዥ በመካከለኛው ዘመን ስመ ጥር የንግድ ከተማ ነበረች። ከባሕር የሚያገናኛት የዝዊን መተላለፊያ ግን ቀስ በቀስ በደለል ተሞላ፤ ነጋዴዎቹም ወደ አንትወርፕ ዞሩ።

ወገኖች፣ እኛ አገልጋዮች ለቤተሰብ የምንሰጠውን ቀን ከጌታ ሥራ እንደተሰረቀ መቁጠራችን ስሕተት ነው እንላለን። ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያንን መሪ ሲመዝን ቤቱን እንዴት እንደሚያስተዳድርም ይጠይቃል (1ኛ ጢሞ. 3፥4-5)። የእኛ ቤት ደለል መቼ እንደጀመረ እንኳ አናስታውስም።

ስልኩን አጠፋነው። የደወሉ ማማ 366 ደረጃ አለው፤ ጉልበታችን ሲብረከረክ ልጃችን ከላይ ሆና «አባዬ፣ በርታ!» እያለች ትጠብቀን ነበር።