የአኮ ጠገራ ብር ይመርመር ወይስ ይቀመጥ?

ለገና ነቀምቴ ቤተሰብ ጋ በነበርኩበት ሰሞን የአሥራ ሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «አክስቴ፣ ይህቺን ካርድ አየሻት? 5 ሚሊዮን ዶላር!» አለኝ። እውነቱን ነው። ፒካቹ የተሳለባት አንዲት የፖኪሞን ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. በ5 ሚሊዮን 275 ሺህ ዶላር ተገዝታለች። ዋጋዋን ያናረው ብርቅነቷ ብቻ አይደለም። ፒኤስኤ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት መርምሮ ከ10 አሥር ሰጥቷታል፤ በጠንካራ ፕላስቲክም አሽጓታል።

ልጁ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «ታዲያ የአኮን ብሮች ለምን አናስመረምርም?» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። አኮ አያታችን ናቸው። በመሐረብ ቋጥረው ሳጥናቸው ውስጥ ያስቀመጧቸው አሥራ አንድ ጠገራ ብሮች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማን እንደሚወርሳቸው ግን አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ለበዓሉ ከሚኒሶታ የመጣው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ስመለስ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ምን ችግር አለው?» ብሎ ነገሩን አጋጋለው። ወንድሜ «የት ነው ይዘህ የምትሄደው?» አለ፤ ድምፁ ጥያቄ አይመስልም ነበር።

በእርስዎ ቤትም እንዲህ ያለ ቋጠሮ ሊኖር ይችላል። በወለጋ በተለይ የሚያስገርም አይሆንም። የወርቁ፣ የቡናውና የዝባዱ ንግድ በጠገራ ብር ይካሄድ የነበረበት አገር ነው። የነቀምቴው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የቆመው በዚያ ዘመን ሀብት ነው። ከደምቢ ዶሎ የተጫነ ቡና ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ሲሄድ የሚመለሰው ብር በየቤቱ ይቋጠር ነበር። ዛሬም በኦሮምኛ ብርን «ቀርሺ» የምንለው የዚያ ጊዜ ቅሪት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ከሳጥን የሚወጣው አብዛኛው ብር ማርትሬዛ ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት። ዓመቱን ቢያነቡ 1780 ይላል። ይህን አይተው «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ!» ብለው አይደንግጡ። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ ነገር ግን ነጋዴው ሌላ ብር አልቀበልም ስላለ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይቀየር መመታቱን ቀጠለ። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። የድሮ ነጋዴዎች ሐሰተኛውን ለመለየት በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል። ክብደቱ ከ28 ግራም ትንሽ ያልፋል፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። በብዛት ስላለ የአብዛኛው ዋጋ ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለውን ሳንቲም በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ማስመርመር፣ የመላኪያውና የኢንሹራንሱ ወጪ ተጨምሮበት፣ ለበሬ ከዋጋው የበለጠ ገመድ እንደመግዛት ነው።

የምኒልክ ብር ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ማርትሬዛን ለመተካት በፓሪስ ያስመቱት፣ በአንድ በኩል መልካቸው በሌላው አንበሳ ያለበት፣ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት ነው። ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱ የሚል ካገኙ ቀስ ብለው ይያዙት። የአንበሳው የተነሣ እግር ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው እንኳ ለሰብሳቢዎች ልዩነት አለው። ጠርዙ ያልተበላ፣ የዘውዱ ጌጥ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ ያልተወለወለ የምኒልክ ብር ካለዎት፣ የመመርመር ነገር ሊታሰብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ምርመራው ራሱ አስማት የለውም። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉት የታወቁት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ባለሙያዎች ሳንቲሙን በማጉያ አይተው እውነተኛነቱን ያረጋግጣሉ፤ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል፤ ከዚያ በፕላስቲክ አሽገው መለያ ቁጥር ይሰጡታል። ገዢው የማያውቀውን ሻጭ ማመን ስለማይጠበቅበት የተሻለ ይከፍላል። ዋጋውን የሚያመጣው ግን ሳንቲሙ ነው፤ ፕላስቲኩ ምስክር ብቻ ነው። የተበሳ፣ ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ወይም የተወለወለ ሳንቲም ደግሞ ቁጥር አያገኝም፤ «እውነተኛ ነው፣ ግን ተጎድቷል» ተብሎ ይመለሳል። በወለጋ አንጥረኞች እጅ ያላለፈ ጠገራ ብር ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ያውቃሉ።

የሚብሰው ግን የአጎቴ ልጅ «ምን ችግር አለው?» ያለው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ነው። አሮጌ የብር ሳንቲም በአዋጁ ከቅርስ ወገን ይቆጠራል። ስለዚህ በልብስ መካከል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም፤ በኤርፖርት ፍተሻ የሚያስጠይቅ ነው። ማንም ሰው ሳንቲም ለማስመርመር ከማሰቡ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ አለበት። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እሺ፣ ፎቶውን ልውሰድ» አለ። በእርግጥም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፎቶ ነው። ሁለቱን ገጽና ጠርዙን በቀን ብርሃን አንስተው ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። ክብደቱን በወርቅ ቤት ሚዛን ያስመዝኑ። በጣትዎ መሐል ገጹን አይንኩት።

እኛም እንዲሁ አደረግን። አኮ ቋጠሮውን ሲፈቱ አሥሩ ማርትሬዛ ሆነው ተገኙ፤ አራቱ የተበሱ ናቸው። አሥራ አንደኛው የምኒልክ ብር ነበር። ልጁ ጮኸ። እኔ ግን ሳንቲሙን ሳይ ፊቴ ቀላ። ልጅ ሳለሁ ለመስቀል በዓል እኔና እህቴ በሎሚና በአመድ እንዲያ እስኪያብረቀርቅ ፈትገነው ነበር። አሁንም በማጉያ ሲታይ የጭረቱ መስመር በጉንጫቸው ላይ ይታያል። የአኮ ሀብት ከነበረ፣ የዋጋውን ግማሽ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ለአኮ ነገርኳቸው። ሳቁና፣ «እንዲያበራ ብዬ ያዘዝኳችሁ እኔ አይደለሁም?» አሉኝ።

ከዚያ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ በአንድ ነገሩት፤ ይህ የአባቴ ነው፣ ይህ የጥሎሽ ነው፣ ይህቺን የተበሳችውን አንገቴ ላይ አስሬ ነው የተዳርኩት። እሱ በደብተሩ ይጽፋል፤ ወንድሜና የአጎቴ ልጅም ተጠግተው ያዳምጣሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ልጁ እስክሪብቶውን አቁሞ «አኮ፣ የማን ይሁን ልበል?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም ቋጠሮውን መልሰው እየቋጠሩ፣ «ገና ነኝ» አሉ።