የጋራው ጣሪያ የማን ነው?

የአዲስ አበባውን ለቡ መብራት ኃይልን በመሰሉ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በበዛባቸው ሰፈሮች ከደጃፍ ወዲህ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፤ ከደጃፍ ወዲያ የተቃጠለውን የደረጃ አምፖል የሚተካ የለም፤ ቢጫ ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ግን አይጠፋም። የቤት እጥረቱ እንዳለ ሆኖ፣ የጋራ የሆነውን የሚያስተዳድር መታጣቱም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስም የታየው ይኸው ነው፤ በሞስኮና በሌሎች ከተሞች አፓርታማው ወደ ነዋሪው ሲዛወር ጣሪያው፣ ቧንቧውና አሳንሰሩ ባለቤት አጡ። እኛ ዘንድ ሕጉስ አለ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የጋራ ወጪን እንዲሸፍኑ ይደነግጋል። በተግባር ግን መዋጮው ብዙ ጊዜ ለጥበቃና ለጽዳት ደመወዝ ያልቃል፤ ለጣሪያ የሚተርፍ የለም።

ሃያ በመቶ ቀድሞ ከፍሎ ሰማንያውን በባንክ ብድር የሚሸፍነው የ20/80 ቤት ባለዕድለኛ ዕዳ ተሸክሞ ሌላ ክፍያ አይችልም የሚሉ አሉ። ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ዛሬ ያልተጠገነ ፍሳሽ ነገ ብረቱን ሲያዝገው ወጪው በዚያው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ ተከራዩም አላፊ ነው የሚለው ክርክር ግን ሚዛን አይደፋም፤ ኪራዩን የሚቀበል ሰው አይጠፋማ! ስለዚህ መዋጮው ከነዋሪው ሳይሆን ከቤቱ ጋር ይታሰር፤ ቤት ሲሸጥም ከማኅበሩ ክሊራንስ ይጠየቅ። ክፍለ ከተማውም ማኅበራትን ከመመዝገብ አልፎ ሒሳባቸውን ያስመርምር።