ጉጉቷን ተዉአት፤ ገዳያችን ሌላ ነው

ጉጉት ሰው አትገድልም። የማን ቀን እንደደረሰም አታውቅም። ይህን በዚህ ዘመን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ያስፈልጋል። ዛሬም ከቤት አጠገብ ጮኸች ተብሎ በድንጋይ ትባረራለች፣ ጫጩቷ ይገደላል። ስሟም «ሟርተኛ» ነው።

«ጮኸች፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ሞተ» ለምትሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌሊት ማን ሰማት? ጤነኛው ቤት እንቅልፉን ይለጥጣል። ነቅቶ የሚያድረው በሽተኛ የሚያስታምመው ነው። ጉጉት ሌሊት መጮህ ልማዷ ነው፤ ድምፅዋን ልብ የሚሉት ግን ሕመም የገባበት ቤት ሰዎች ናቸው። በሽተኛው በዳነበት ሌሊት የጮኸችውን ማን ይቆጥርላታል?

ወሬው ተራ ተረት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን በሽታን በወፍ ማሳበብ ጊዜ ያስከፍላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። አስተላላፊው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ መድኃኒትም አለው፤ ካልታከሙት ግን ይገድላል። ተመራማሪዎች አመጣጡን ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው ከተመለሱ ወጣቶች ጋር ያያይዙታል። እንዲህ ባለ በሽታ መካከል ጣራው ላይ ጉጉት የሚፈልግ ቤተሰብ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

«ታዲያ መቃብር ለምን ታዘወትራለች?» ይባላል። መልሱን ጣራ ገዳም ሄዳችሁ እዩት። ከወረታ ወደ ጎንደር ስትጓዙ አዲስ ዘመን አጠገብ ተራራው ላይ ያለው ደን ነው። የፎገራ ሜዳ ታርሷል፤ ያረጀ የአገር ዛፍ በብዛት የተረፈው እንዲህ ባለ የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ጉጉት ደግሞ የዛፍ ጉድጓድና ጸጥታ ትፈልጋለች። መቃብራችንም እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ሌላውን ዛፍ እኛ ቆርጠን ስናበቃ፣ የቀረውን ተጠግታ ብናያት ሬሳ ፈልጋ መጣች አልን።

መጽሐፍ የሚጠቅሱም አሉ። እውነት ነው፣ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጉጉትን ከማይበሉት ወፎች ይቆጥራታል። ክልከላው የመብል ነው፤ የሞት መልእክተኛ ናት የሚል ቃል የለበትም። ቁራም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ኤልያስን በኮራት ፈፋ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለት ማን ነበር? ቁራ!

ሌላው ዓለምስ? የጥንት አቴናውያን የጥበብ ምልክት አድርገው ገንዘባቸው ላይ ቀረጿት፤ ዛሬም የግሪክ 1 ዩሮ ላይ አለች። ሕንዶች የሀብት አምላክ የሚሏት ላክሽሚ መቀመጫ ያደርጓታል። ጃፓኖች ለመልካም ዕድል ምስሏን ቤታቸው ያኖራሉ። በብዙ የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ግን እንደ እኛው የክፉ ምልክት ናት። ወፏ ያው ወፍ ናት፤ ትርጉሙን የሰጣት ሰው ነው። የሰጣት ሰው ደግሞ ሊያነሣላት ይችላል።

ተነሥቶም ታይቷል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ገበሬዎች ማሳቸው ዳር የጉጉት ሣጥን እየሰቀሉ አይጥን በመርዝ ፈንታ በእሷ መከላከል ያዙ። ጉጉትን የሚፈራው የዮርዳኖስ ገበሬም በ2002 ተቀላቀለ።

እኛስ? የፎገራ ሩዝ ለአይጥም ይጥማል። ጉጉት አይጡን እንዳለ ውጣ፣ አጥንቱንና ጠጉሩን ትተፋለች። እኛ ያለ ደመወዝ የምትሠራውን ዘበኛ በድንጋይ ገድለን ከገበያ የአይጥ መርዝ እንገዛለን። ከዚያ መርዝ የበላውን አይጥ የተረፈችው ጉጉት ትበላና እሷም ትሞታለች። ይህ ኪሳራ ካልሆነ ምን ይባላል?

የንስሐ አባቶች፣ ቃላችሁ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማልና ለልጆቻችሁ ንገሩ። የግብርና ባለሙያዎች፣ ስለ መርዝ አጠቃቀም ስታስተምሩ ስለ ጉጉትም አስተምሩ። ወገኔ፣ አንተ ደግሞ ሌሊት ስትጮህ ብትሰማ ድንጋይ አትፈልግ። ቤት ውስጥ የታመመ ካለ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ውሰደው።