«እንገባለን» የሚለው ማነው?

ይሄኛው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ለማታ አቆዩት። የሚከፋው እንደማይጠፋም አውቃለሁ፣ በተለይ ከወንዶቹ።

ዛሬ ጠቤ ከአንድ ቃል ጋር ነው። «እንገባለን።» ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከምንኖረው ይህን ቃል ብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ልቅሶ ቤት «እንገባለን»፣ ክርስትና ላይ «እንገባለን»፣ ሶፋ ሲቀደድ ሳይቀር «ምን ያደርግልናል፣ ልንገባ አይደል እንዴ!» ልጁ ትምህርት ቤት ሳይጀምር እንገባለን። ልጁ ጀመረ፣ ሁለተኛው ተወለደ። ቤቱ ጣሪያ ሲለብስ እንገባለን። ጣሪያው ለበሰ፣ አጥሩ ቀረ። አገር መግባትን ይቃወማል ብላችሁ እንዳታስወሩብኝ፣ አልቃወምም። እኔን የሚያናድደኝ መጀመሪያው ላይ ያለችው «እን» ናት። «እን» ስንል ከአንድ ሰው በላይ ነን ማለታችን ነው። በየቤቱ የማየው ግን አንዱ ሲናገር ሌላዋ ቡና ስትቀዳ ነው።

ጠቅልለው የሚገቡ ባልና ሚስት ደለስ ኤርፖርት አድርሼ አውቃለሁ። ሻንጣው ሁሉ 23 ኪሎ፣ 23 ኪሎ ተመዝኖ በፕላስተር ተጠምጥሟል። ሰውዬው ከጎኔ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ሰሚት ስላሠራው ቤት ነገረኝ። ሴራሚኩን፣ የውሃ ታንከሩን፣ የጥበቃውን ደመወዝ። ለጨዋታ ያህል «ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» አልኩት። «11» አለ። ሚስትየው ከኋላ ቀስ ብላ «አንድ ላይ የኖርነው ግን ሁለት አይሞላም» አለች። እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ በመስታወቱ አይቻታለሁ።

ሒሳቧ ትክክል ነው። የኛን ሰው ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ መደመር ይችላል። እሱ ከሰዓት በኋላ መኪናውን አስነስቶ ይወጣል፣ ሌሊት ባር ሲዘጋ ያለውን ሥራ ሠርቶ ሊነጋጋ ሲል ይገባል። እሷ ገና ሳይነጋ ነርሲንግ ሆም ናት፣ ከዚያ ስትወጣ ደግሞ ሆም ኬር አለ። ዴይኬር የአንድ ሰው ደመወዝ ስለሚበላ ልጁን የሚቀባበሉት በር ላይ ነው። «በልቷል፣ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ መድኃኒቱ እዚያ አለ።» የቀኑ ወሬ እሱ ነው። እሱ እንጀራውን በፎይል ጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይበላል፣ እሷ ድስቱ አጠገብ ቆማ ትጎርሳለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተው እሱ ከወንዶቹ፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ይቆማሉ። ማታ አንዱ ይተኛል።

ይሄን ስጽፍ «ሬንቱን ማን ይክፈልልህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፣ ልክም ነው። ሺፍቱን ማንም ወዶ አላመጣውም። እኔ የምጠይቀው ስለ ቀረችው አንድ ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለታቸው ቤት ሲገናኙ ያቺ ሰዓት የት ትሄዳለች? ስልክ ላይ ነዋ! ከፎርማኑ ጋር። አሸዋው ስንት መኪና ገባ፣ ብረቱ ስንት ሆነ፣ ለምን በቪዲዮ አታሳየኝም። አያት አካባቢ የሲሚንቶን ዋጋ በየሳምንቱ የሚያውቅ ወንድም ሚስቱ የምትሠራበት ፎቅ ላይ ስንት አዛውንት እንደምታነሳና እንደምታስተኛ አያውቅም። ወገቧን እያመማት መሆኑን የሚሰማው ከእናቷ ነው፣ እሳቸውም ከአዲስ አበባ ደውለው!

የኛ ቤት ደግሞ ሲገባበት ያስታውቃል። ሶፋው ከኛ በፊት የገቡ ሰዎች የተዉት ነው። ግድግዳው ባዶ ነው። አልጋው ሥር በቅናሽ የተገዛ ቴሌቪዥን ከነካርቶኑ አለ፣ «ለአገር ቤቱ»። ጥሩው ብርድ ልብስ ለአገር ቤቱ፣ ጥሩው ሳህን ለአገር ቤቱ፣ ጥሩው ዓመት ለአገር ቤቱ። አንዳንዱማ የሚወደውን ራቭ ፎር በኮንቴይነር ይዞ ሊገባ አስቦ በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል ሐዘን ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ሚስቱ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን እንኳ እንዲህ አልተሰማውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቤቱ የሚሠራው በማን ገንዘብ ነው? በሁለቱም። የእሷ ኦቨርታይም ጥሬ ብረት ሆኖ ቆሟል። ካርታው ግን በማን ስም ነው? «እኛ እዚያ ስለሌለን» ተብሎ በወንድሙ። የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ባልና ሚስት ንብረት እንጂ በዋርሳ ስም ስለተመዘገበ ቤት አይደለም። ነገ ብትከራከር ወረቀቱ ላይ የለችም። በብር ያስቀመጡትም አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የሌሊት ሥራዋ ግማሹ ተነነ። ብሩ ይቀመጥ ሲባል ጠይቋት ነበር? ቢጠይቃት ትክክለኛውን ታውቅ ነበር አልልም፣ ማናችንም አላወቅንም። ግን አብረው በከሰሩ ነበር።

ወረቀትም አለ፣ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። ብዙ ቤት እሱ ዜጋ ሆኗል፣ እሷ ገና ግሪን ካርድ ናት፣ ወይም ተገላቢጦሽ ነው። «እንገባለን» ሲባል ሁለቱ እኩል የሚገቡ ይመስላል። አይደለም። ዜጋው ደስ ሲለው ይመለሳል። ግሪን ካርድ ያላት ግን ሳትወጣ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ካልጠየቀች ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ስትቆይ መንገዷ ሊዘጋ ይችላል። ከዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ የሚኖር ሰው ግሪን ካርዱን ይዞ በሦስት ዓመት ለዜግነት ማመልከት ይችላል፣ ሌላው በአምስት። ፈተናውን እንድታጠና ሁለት ወር ሺፍት ቀንሶላት ቢሆን ዛሬ እኩል ነበሩ። በሌላ በኩል ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል፣ ጥምር ዜግነት የለንምና። ቢጫ ካርዱ በአዋጅ 270/1994 ያለ ቪዛ ለመኖርና ለመሥራት ይፈቅዳል፣ ለመምረጥና ለመመረጥ አይፈቅድም። ይሄም ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት እንጂ አንዱ ወስኖ የሚነግራት አይደለም።

ጡረታውስ? የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ በራስ ሥራ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፣ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። ብዙ አይደለም። ግን ሰው ቤት ልጅ እየያዘች በካሽ የተከፈላት እኅት ከእነዚያ ዓመታት አንድም ክሬዲት የላትም። እኛ ሹፌሮችም በማይል ገቢያችንን አቀናንሰን ታክስ ስናስገባ የሚቆጠርልን የተረፈችው ናት፣ ጡረታችንም በዚያችው ልክ ነው። ሜዲኬር ደግሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል አይከፍልም፣ በአጭሩ። ስለዚህ ስምንት ዓመት የሠራች ሴት «በቃ እንገባለን» ስትባል ሁለት ዓመት ብትጨምር የራሷ ጡረታ ይኖራት ነበር። ይሄን የነገራት ማነው?

ሴቶቹንም ዝም ብዬ አላልፍም። አሥር ዓመት ሙሉ «እሺ» ብለሽ፣ ሻንጣው ከተመዘነ በኋላ «እኔ አልገባም» የምትይ እኅቴ፣ ያ «እሺ» ምን ነበር? እዚህ የራስሽ አካውንት አለሽ፣ መኪና ትነጂያለሽ፣ ማንም «የት አመሸሽ» አይልሽም። እዚያ አማት፣ ምራት፣ ጎረቤት አለ። ብትፈሪ አይገርመኝም። ግን ፍርሃቱን ለጓደኞችሽ በስልክ ስትነግሪ ኖረሽ ለባልሽ ዝም ማለትሽ ደግ አልነበረም። እሱም እኮ የሚፈራው ነገር አለው። ሃያ ዓመት ስቲሪንግ የያዘ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ «ምን ትሠራ ነበር?» ሲባል የሚመልሰው ይጠፋዋል፣ ከመኪናው ስለማያወርድ እንጂ ለሊቱን ሁሉ እሱን ነው የሚያስበው።

ከገቡ በኋላ ምን እንደሚሆን ኤርፖርት ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ሁሉ አይቷል። ዓመት ሳይሞላ ሰውዬው ብቻውን ተመልሶ ይመጣል። «ስድስት ወር ሠርቼ ልመለስ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት።» ከሌላ ሰው ጋር ክፍል ተጋርቶ ይተኛል። እሷ ሰሚት በዚያ ትልቅ ቤት ከሁለት ልጆችና ከጥበቃው ጋር ናት። ድሮ በር ላይ ይገናኙ ነበር፣ አሁን በሩም የለም። ሴራሚኩ ግን ያበራል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሌሊት አትውጣ። 200 ዶላር ይቅር። ካርታውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጣና ከእሷ ጋር እየው። ስሟ የሌለበትን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው። ያንን ቴሌቪዥን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ስቀሉት። ለመግባት ከቆረጣችሁ ደግሞ ከዘመድ ቤት ሳትገቡ ተከራይታችሁ ሦስት ወር ኑሩ፣ በገበያው፣ በታክሲው፣ መብራት ሲጠፋም። እሷ ወር ሳይሞላ «ይበቃኛል» ካለች ይበቃታል። አንተም ብትል እንደዚያው።

«አንተስ መቼ ነው የምትገባው?» ለምትሉኝ፣ ባለቤቴን ጠይቋት። ቀኑ እሷ ዘንድ ነው ያለው፣ እስካሁን አልነገረችኝም።