የለቀቀ፣ የተሻረ፣ የሸሸ

አንድ ንጉሥ ዙፋኑን በገዛ አንደበቱ ሲተው እንግሊዞች «አብዲኬት» አደረገ ይላሉ። ቃሉ የላቲን ነው፤ በውስጡ «ማወጅ» የሚል ሥር አለው። ንጉሣቸው ኤድዋርድ 8ኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1936 የመልቀቂያውን ሰነድ ሦስት ወንድሞቻቸው በምስክርነት ባሉበት ፈረሙ። በማግስቱ ምክንያታቸውን በሬዲዮ ለሕዝባቸው ተናገሩ።

ከእኛ ነገሥታት ይህ ቃል በትክክል የሚገባቸው አፄ ሱስንዮስ ናቸው። የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ካደረጉ በኋላ አገሩ በዓመፅ ታመሰ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የላስታን አማፅያን ድል ነሱ። ሜዳውን የሞላው ሬሳ ግን የክርስቲያን ገበሬ፣ የገዛ ሕዝባቸው ሬሳ ነበር። ንጉሡ በድላቸው ማግሥት አዋጅ አስነገሩ፤ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ጥቂት ወራት ቆይተው ዐረፉ። አሸንፎ መልቀቅ ከመሸነፍ ይከብዳል፤ እኚህ ሰው ግን አደረጉት።

አፄ ኃይለ ሥላሴ «ዙፋናቸውን ለቀቁ» ተብሎ ሲጻፍ ሳይ ቅር ይለኛል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ቤተ መንግሥታቸው ገብተው የመሻሪያውን አዋጅ አነበቡላቸው፤ ከዚያም በቮልስዋገን ይዘዋቸው ሄዱ። ይህ መሻር ነው። ኮሎኔል መንግሥቱም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ሕዝቡ ወሬውን የሰማው ከሬዲዮ ነው። ይህ ደግሞ ሽሽት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ዘውድ ባይጭኑም፣ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ሥልጣን መልቀቃቸውን ራሳቸው ቀርበው ተናገሩ፤ የመፍትሔው አካል ለመሆን እንደሆነም አስረዱ።

መልቀቅን፣ መሻርንና ሽሽትን አንድ አድርገን ስንጽፍ በፈቃዱ የወረደውን ክብሩን እንነፍገዋለን፤ በጉልበት የተነሣውን ደግሞ ያልሠራውን እናለብሰዋለን። ልጆቻችንም ሥልጣን የሚለቀቀው በጠመንጃ ብቻ ነው ብለው ያድጋሉ። ስለዚህ ታሪክ የምትጽፉና የምታስተምሩ ሁሉ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ማን እንደተሻረ፣ ማን እንደሸሸ ለይታችሁ ንገሩን። በሥልጣን ላይ ያላችሁም፣ መልቀቂያችሁን ሌላ ሰው ሳያነብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩት።