የጓሮው ጉድጓድ የከተማውም ጉዳይ ነው

በቢቸናና በሞጣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስመጠጥና ማስፈተሽ ለቤቱ ባለቤት ብቻ የሚተው ጉዳይ መሆን የለበትም። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ ፍሳሹ ሁሉ የሚጠራቀመው በየጓሮው ነው፤ ወለሉና ግድግዳው ያልተለሰነ ጉድጓድ ደግሞ ወደ መሬት እየሰረገ በአቅራቢያው ያለውን የውኃ ጉድጓድ ይበክላል። ኮሌራና ታይፎይድ በዚሁ መንገድም ይዛመታሉ። በክረምት የሞላውን ወደ ጎርፍ መልቀቅ መከራውን ለታችኛው ሰፈር ማሻገር ነው፤ ቀድሞ የነበረው የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992ም አካባቢን በክሎ ጤናን በሚጎዳ አኳኋን ቆሻሻ ማስወገድን ይከለክል ነበር። መምጠጫ መኪናም የጫነውን ወንዝ ዳር ከደፋ በሽታውን ቦታ ከመለወጥ አያልፍም። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች የመምጠጥ አገልግሎቱን በተመጣጣኝ ዋጋ ያቅርቡ፣ ከወንዝና ከመኖሪያ የራቀ ማድረቂያ ቦታ ይከልሉ፣ ጉድጓዶችንም ክረምት ሳይገባ ያስፈትሹ። በአግባቡ ያልተለሰነ ጉድጓድ ላለው አዲስ ቤትም የመጠቀሚያ ፈቃድ አይሰጥ።